የተጎታች መብራት በአሮጌ የመስክ መኪና ላይ

ተጎታች ከመኪና ጀርባ ሲታሰር የመኪናው የኋላ መብራቶች በጭነቱ ይጋረዳሉ። ከኋላ የሚመጣ ሾፌር የሚያየው የተጎታቹን ሳንቃ ብቻ ነው፤ ሳንቃው ላይ መብራት ከሌለ ከፊቱ ያለው ተሽከርካሪ ፍሬን መያዙን፣ ሊታጠፍ መሆኑን፣ ሲመሽ ደግሞ ከነጭራሹ መኖሩን የሚነግረው ነገር የለም። ስለዚህ ተጎታቹ የመኪናውን የኋላ መብራት በራሱ ጀርባ ላይ መድገም አለበት። በግራና በቀኝ ቀይ የፓርኪንግ መብራት፣ ቀይ የፍሬን መብራትና ብርቱካናማ ፍሬቻ፣ በተጨማሪም ሰሌዳውን የሚያሳይ ነጭ መብራት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ጫፋቸው ወደ ላይ የሆነ ሁለት ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂዎችም እንዲኖሩ ይጠይቃል። አንጸባራቂ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሽቦው ሁሉ ቢበጠስ እንኳ ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን መልሶ ስለሚልክ፣ ከማንኛውም መብራት አስቀድሞ ቢገጠም ይበጃል።

በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ በሸኮ በኩል ቴፒ የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጥምዝና ደን የበዛበት ነው።  ዝናቡ የክረምት ብቻ አይደለም፤ በበልግም ሆነ በመኸር መግቢያ ይጥላል፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርዳል። ቡናው ደግሞ የሚለቀመው መሬቱ ገና ጭቃ ሳለ ነው። በቆላማው ክፍል የገንዲ በሽታ የጋማ ከብትን ስለሚጎዳ ጭነት በአጋሰስ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም፤ ብዙው ሸክም በሰው ጀርባ ወይም በሞተር ኃይል ይሄዳል። ጥቂት ኩንታል ጀንፈል፣ ኮረሪማ ወይም እርድ፣ የቡና መፈልፈያ ማሽን ወይም ጄኔሬተር ለማጓጓዝ አይሱዙ መከራየት ለማያዋጣው ሰው፣ ትንሽ የመስክ መኪናና ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ጥሩ መፍትሔ ናቸው።

መኪናው አሮጌ መሆኑ በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። ሱዙኪ ቪታራ እ.ኤ.አ. በ1988፣ የመጀመሪያው ራቭ ፎር በ1994 ገበያ ላይ ወጡ፤ ላዳ ኒቫ ደግሞ ከ1977 ጀምሮ ተሠርቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ክፉኛ አናረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በእጅ ያለውን ጠግኖ ማቆየት ግድ ሆነ። የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ባለው መኪና ላይ ሽቦው ደርቋል፣ የማብሪያው መጋጠሚያ ተበልቷል፣ የመብራት ቤቱ ዝጓል። የተጎታች መብራት ሲዘረጋ መታሰብ ያለበት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ አሮጌው መስመር የራሱን ሸክም እንደምንም ተሸክሞ እያለ ሌላ ሸክም ሊደረብበት አይገባም።

ሸክሙ በቁጥር ሲታይ ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። የተለመደው የፍሬን ወይም የፍሬቻ አምፖል 21 ዋት፣ የፓርኪንጉ 5 ዋት ነው። ዋቱ ለ12 ቮልት ሲካፈል አንድ ፍሬቻ 1.75 አምፔር፣ ሁለቱ የፍሬን አምፖሎች 3.5 አምፔር፣ ሁለቱ ፓርኪንጎች ከሰሌዳው መብራት ጋር 1.25 አምፔር ይስባሉ። ማታ፣ ሁለቱ ፍሬቻዎች በአንድነት እየበሩ ፍሬን ቢያዝ ተጎታቹ ብቻውን ከ8 አምፔር በላይ ይፈልጋል። በመኪናው በኩል ደግሞ ከኋላ መስታወት ላይ ሦስተኛ የፍሬን መብራት ካለ የፍሬን መስመሩ አስቀድሞ ከ5 አምፔር በላይ ተሸክሟል። ተጎታቹ ሲጨመርበት ወደ 9 አምፔር ይጠጋል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በፍሬን ፔዳሉ ሥር ባለችው ትንሽ ማብሪያ በኩል ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ማብሪያዋ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ የምታሳልፍ ስለሆነች መጋጠሚያዋ ይጠቁራል፣ ይቃጠላል፤ በመጨረሻም የመኪናው የራሱ የፍሬን መብራት ይጠፋል።

መስመሩን ለማገናኘት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በየመንደሩ የሚታየው ነው፤ የመኪናው የኋላ መብራት ሽቦ ይላጥና የተጎታቹ ሽቦ ይጠመጠምበታል፣ በላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ይዞርበታል። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከላይ የተነገረውን ሸክም በሙሉ በአሮጌው ማብሪያ ላይ ይጥላል። ከዚያ የባሰም አለ። የተጎታቹ ሽቦ በድንጋይ ተመትቶ ሾርት ቢያደርግ የሚቃጠለው የመኪናው ፊውዝ ነው፤ መኪናውም ተጎታቹም በአንድ ቅጽበት ጨለማ ይሆናሉ። በሸኮ ጥምዝ ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ ከኋላ ጭነት መኪና እየመጣ ይህ ሲደርስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማሰብ አይከብድም።

ሁለተኛው መንገድ በሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን ሸክም በሚያሳልፍ ማብሪያ፣ መሥራት ነው፤ ለአሮጌ መኪና ሊመረጥ የሚገባውም እርሱ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ወፈር ያለ ሽቦ ይነሳል፤ ከባትሪው ሳይርቅ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ይገባበትና ሻንሲውን ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ፣ በጭነት ክፍሉ የጎን ሽፋን ውስጥ፣ አራት ሪሌዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለፓርኪንግ፣ አንዱ ለፍሬን፣ አንድ አንዱ ለግራና ለቀኝ ፍሬቻ። በሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል። 30 ከባትሪ የመጣው ሽቦ ይገባበታል፤ ከ87 ወደ ተጎታቹ ይወጣል፤ 86 ከመኪናው የመብራት ሽቦ ጋር፣ 85 ከኔጋቲቭ ጋር ይታሰራል። የመኪናው መስመር ከዚያ በኋላ የሚያነሳው የሪሌውን ትንሽ ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው፤ እርሱም ከአንድ አምፔር ሩብ ያነሰ ነው። ተጎታቹ ሾርት ቢያደርግ የሚቃጠለው የተጎታቹ ፊውዝ ይሆናል፤ የመኪናው መብራት ይቀጥላል። አራት ሪሌዎችና አንድ ፊውዝ የሚጠይቁት ገንዘብ ከዚህ ጥቅም አንጻር ትንሽ ነው።

ፍሬቻውም ከሪሌ ይጠቀማል። በአሮጌ መኪኖች ፍሬቻውን የሚያበራውና የሚያጠፋው መሣሪያ የአምፖሎቹን ብዛት በሚስቡት ኤሌክትሪክ ነው የሚያውቀው። በሙቀት የሚሠራው የጥንቱ ዓይነት ተጨማሪ አምፖል ሲቀጠልበት ይጣደፋል፤ ኤሌክትሮኒኩ ዓይነት ደግሞ አንድ አምፖል ሲቃጠል በመጣደፍ ሾፌሩን ያስጠነቅቃል፤ የተጎታች አምፖል በቀጥታ ከተጨመረበት ግን የጎደለውን አምፖል ስለሚተካለት ማስጠንቀቁን ይተዋል። ትክክለኛው የፍሬቻ ፍጥነት በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው። በሪሌ ሲሠራ መሣሪያው ተጎታቹ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ ፍጥነቱም አይለወጥም። በዚህ አሠራር አንድ ነገር ይጎድላል፤ የተጎታቹ ፍሬቻ ቢቃጠል ዳሽቦርዱ አይናገርም። ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት ወርዶ ማየት አለበት።

ሪሌዎቹን ከመኪናው ጋር ለማሰር የመኪናው ሽቦዎች መታወቅ አለባቸው። የቪታራና የራቭ ፎር የኋላ መብራት ሽቦዎች ከጎን ሽፋኑ ውስጥ ስለሚያልፉ ሽፋኑን በመፍታት ይገኛሉ። በቀለም መተማመን ግን አደገኛ ነው። እነዚህ መኪኖች በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ በብዙ እጅ አልፈዋል፤ በየጋራዡ በተገኘው ቀለም ተቀጥለዋል። የመፈተሻ አምፖል አንዱን ጫፍ ከቦዲው ጋር፣ ሌላውን ከሽቦው ጋር አድርጎ፣ አንድ ሰው ከፊት ፍሬን እንዲይዝ፣ ፓርኪንግ እንዲያበራ፣ ግራና ቀኝ ፍሬቻ እንዲሰጥ ማድረግ ይበቃል። እያንዳንዱ ሽቦ በታወቀ ጊዜ ምልክት ይታሰርበታል። ሥራው ሲያልቅ የመስመሩን ንድፍ በወረቀት ስሎ በመኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ነገ ለሚጠግነው ሰው ትልቅ ውለታ ነው።

በመኪናውና በተጎታቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ሰባት እግር ያለው ክቡ ሶኬት ነው። ሴቴው በመኪናው ላይ ይታሰራል፤ ወንዴው ከተጎታቹ ገመድ ጫፍ ላይ ይሆናል። የእግሮቹ ሥርዓት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ስለሆነ በዚያው መሥራት ይገባል፤ ያን ጊዜ የአንዱ መኪና ከሌላው ተጎታች ጋር ያለ ችግር ይገጥማል። 1 ቁጥር የግራ ፍሬቻ ሲሆን ቀለሙ ቢጫ ነው። 2 ቁጥር ሰማያዊ፣ ለኋላ የጉም መብራት ነው፤ መኪናው ይህ መብራት ከሌለው ባዶ ይቀራል። 3 ቁጥር ነጭ፣ ኔጋቲቭ ነው። 4 ቁጥር አረንጓዴ፣ የቀኝ ፍሬቻ፤ 5 ቁጥር ቡናማ፣ የቀኝ ፓርኪንግ፤ 6 ቁጥር ቀይ፣ የፍሬን መብራት፤ 7 ቁጥር ጥቁር፣ የግራ ፓርኪንግ ነው።

የአሜሪካ አሠራር ከዚህ ይለያል። ጠፍጣፋው ባለ አራት እግር ሶኬት ነጭ ለኔጋቲቭ፣ ቡናማ ለፓርኪንግ፣ ቢጫና አረንጓዴ ለግራና ለቀኝ አለው፤ ፍሬንና ፍሬቻ በአንድ ቀይ አምፖል ይሠራሉ። ፍሬንና ፍሬቻቸው ለየብቻ የሆኑ መኪኖች ከእንዲህ ያለ ተጎታች ጋር የሚገናኙት ምልክቶቹን በሚያዋህድ ትንሽ መቀየሪያ ሳጥን ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ ተጎታች ካልሆነ በቀር ይህ አስፈላጊ አይደለም። በአገር ውስጥ ብየዳ ቤት የሚሠራ ተጎታች ለእያንዳንዱ ምልክት የየራሱ መብራት ቢገጠምለት ሥራውም ይቀልላል፣ ከኋላ ለሚመጣውም ግልጽ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ኔጋቲቩ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ ሄዶ ካልተመለሰ አምፖሉ አይበራም፤ በመኪና ውስጥ የመመለሻው መንገድ ቦዲው ራሱ ነው። ብዙ ሰው ተጎታቹም ብረት ስለሆነ በመጎተቻው ኳስ በኩል ይመለሳል ብሎ ነጩን ሽቦ ይተወዋል። በጋራዡ ግቢ ውስጥ ሲፈተሽ ይሠራል። ነገር ግን ኳሱ ግሪስ ይቀባል፣ ይዝጋል፣ ጭቃ ይገባበታል፤ ተጎታቹ በጉድጓድ ሲዘል ብረት ከብረት ይለያያል። ከተጎታች መብራት ብልሽት ብዙው ከዚህ ይመነጫል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የተጎታች መብራት የራሱ ኔጋቲቭ ሽቦ ወጥቶ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ከዚያ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ በ3 ቁጥር እግር በኩል ወደ መኪናው ይሻገራል። በመኪናው በኩል የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙና ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት። ቡሎኑ ከሮንዴላ ጋር ጠብቆ ይታሰርና በላዩ ላይ ግሪስ ይቀባል። ቀለም ላይ የታሰረ ኔጋቲቭ እንዳልታሰረ ይቆጠራል።

የሽቦው ውፍረትም በግምት የሚተው አይደለም። ግማሽ ስኩዌር ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ሽቦ የሁለቱ ፍሬን አምፖሎች 3.5 አምፔር 10 ሜትር ቢጓዝ 1.2 ቮልት ያህል በመንገድ ላይ ይቀራል። ቮልቴጅ በአንድ አሥረኛ ሲቀንስ የአምፖል ብርሃን በሦስት አሥረኛ ገደማ ይወርዳል፤ ፍሬኑ በርቶ ሳለ ከሩቅ ፓርኪንግ ይመስላል። 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚቀረው 0.4 ቮልት ብቻ ነው። ከባትሪ ለሚመጣው ዋና ሽቦ 2.5 ይበቃል። ሽቦው በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ መሆን አለበት፤ ለቤት ግድግዳ የሚሆነው አንድ ወጥ ሽቦ በንዝረት ይሰበራል።

እርጥበት የዚህ አካባቢ ቀንደኛ ጠላት ነው። የተጠመጠመና በፕላስተር የተሸፈነ መገጣጠሚያ ውሃ አስገብቶ አያስወጣም፤ መዳቡ በጥቂት ወራት ወደ አረንጓዴ ዱቄት ይለወጣል። መገጣጠሚያው በመቆንጠጫ ቱቦ ተጨምቆ፣ በላዩ በሙቀት የሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ያለው ቱቦ ሊደረግበት ይገባል። ቱቦው ካልተገኘ መገጣጠሚያውን ከመኪናው ውስጥ፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ማድረግና ከውጭ ያለውን ሽቦ ያለ መገጣጠሚያ፣ ሳይቆራረጥ መዘርጋት ይሻላል። በሻንሲው ሥር የሚያልፈው ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ገብቶ ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ በፋሼታ ይታሰራል፤ ቆርቆሮ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይገባበታል። ሴቴው ሶኬት ክዳኑ ሲዘጋ ውሃ ወደ ታች እንዲንጠባጠብ ሆኖ ይቀመጣል፤ እግሮቹ ላይ ቫዝሊን ወይም ሲሊኮን ግሪስ ይቀባል። በቪታራና በራቭ ፎር ስኮርት ጎማው ያለው ከኋላ በር ላይ ስለሆነ፣ ሶኬቱና የተጎታቹ ገመድ በሩ ሲከፈት እንዳይነካቸው አስቀድሞ መታየት አለበት። በላዳ ኒቫ ይህ ችግር የለም፤ ስኮርቱ ከፊት፣ ከሞተሩ በላይ ነው የተቀመጠው።

ዕቃ ሲገዛ አንድ ነገር በጥንቃቄ ይነበባል። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ወይም ሶማሌ ተራ ድረስ የማይሄድ ሰው በጅማ፣ በሚዛን ወይም በቴፒ ሱቅ ያገኘውን ይገዛል፤ እዚያ በብዛት የሚሸጠው የጭነት መኪና ዕቃ ነው። አይሱዙን የመሰሉ የጭነት መኪኖች በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ ትንሹ የመስክ መኪና ግን በ12። የ24 ቮልት አምፖል በ12 ቮልት ሲሠራ ከተገቢው ብርሃን አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ይሰጣል፤ የ24 ቮልት ሪሌ ደግሞ በ12 ቮልት ላይነሳ ይችላል። ሶኬቶቹም በመልክ ይመሳሰላሉ። ቮልቱ በአምፖሉ ቂጥ ላይና በሪሌው ጎን ላይ ተጽፏል። ኤልኢዲ መብራት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ጥቂት ዋት ብቻ ይስባል፣ ንዝረትን ይችላል። ነገር ግን መብራት ቤቱ በደንብ የታሸገ መሆን አለበት፤ ውሃ የገባበት ኤልኢዲ አምፖሉ አይቀየርም፣ መላው ይጣላል።

ተጎታቹ ከመኪናው ጋር ከመገናኘቱ በፊት ለብቻው ይፈተሻል። የ12 ቮልት ባትሪ ኔጋቲቭ ከ3 ቁጥር እግር ጋር ይታሰርና ፖዘቲቩ በፊውዝ በኩል እያንዳንዱን እግር በተራ ይነካል። በየተራው የሚበራው የተነካው እግር መብራት ብቻ ከሆነ የተጎታቹ መስመር ንጹህ ነው። ቀጥሎ ከመኪናው ጋር ተገናኝቶ ሞተሩ እየሠራ ሁሉም በአንድነት ይሞከራል፤ ፓርኪንግ በርቶ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ፍሬቻ እየሠራ። በተናጠል የተስተካከለ የሚመስል መስመር ደካማነቱን የሚያጋልጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ብልሽት ሲመጣ ምልክቱን ማንበብ የፍለጋውን ጊዜ ያሳጥራል። በቀጥታ በተቀጠለ መስመር ፍሬን ሲያዝ ፓርኪንግና ፍሬቻው አብረው ደብዘዝ ብለው ከበሩ ኔጋቲቩ ተቋርጧል፤ ኤሌክትሪኩ የመመለሻ መንገድ ሲያጣ በሌሎቹ አምፖሎች ዞሮ በመኪናው በኩል መውጫ እየፈለገ ነው። በሪሌ በተሠራው ግን ያ መንገድ ስለተዘጋ ኔጋቲቩ ሲቋረጥ የተጎታቹ መብራት በሙሉ ይጠፋል። መብራቱ በመታጠፊያ ወይም በጉድጓድ ላይ ብቻ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መመለሻው በመጎተቻው ኳስ በኩል ሆኗል ማለት ነው፤ ነጩ ሽቦ ይታይ። አንድ መብራት ብቻ ከጠፋ አምፖሉ፣ ቀጥሎም መብራት ቤቱ ውስጥ ያለው ዝገት ይመረመራል። ፊውዝ በተቀየረ ቁጥር ወዲያው የሚቃጠል ከሆነ ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ መክተት ወይም በሽቦ ማሰር እሳት መጋበዝ ነው፤ ሶኬቱ ይነቀልና ፊውዙ ከቆየ ጥፋቱ በተጎታቹ በኩል፣ ካልቆየ በመኪናው በኩል ይፈለጋል። ተጎታቹ በሚፈታበት ጊዜ ወንዴው ሶኬት መሬት ላይ አይጣልም፤ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው በተጎታቹ ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፣ በፕላስቲክም ይሸፈናል።